የደረሰኙ ጀርባ

ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ሰኞ ነው ማለዳ፣
ደሴ ዓይኗን ሳትገልጥ ወረድኩኝ አራዳ።
ከሆጤ ቁልቁለት ስመጣ ብቻዬን
በፌስታል ይዣለሁ አሥራ አንድ ዓመቴን፦
የኒካሁን ወረቀት፣ የልጄን ክትባት ካርድ፣
የባንክ ደብተር፣ ሁለት ፎቶ፣ እጄም ሲንቀጠቀጥ በብርድ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ጠጋ አለኝ፣
ፊቴን እንኳ ሳያይ ቦርሳዬን ለካልኝ፦
«መቶ በመቶ ነው! ዳኛውን አውቃለሁ፤
ቅድሚያውን ክፈዪ፣ ቤት ልጁን አመጣለሁ።»
ሸሸሁት። እስካሁን ግርም የሚለኝ ግን፣
እንዴት አሸነፈው ያላየውን መዝገቤን?

«ጠበቃ ትርንጎ እንድሪስ» ይላል የበሩ ጽሑፍ፤
ስሟ እንደ አገሯ ነው፣ ከሁለቱም ደጃፍ።
ፈቃዷ በመስታወት ግድግዳው ላይ አለ፣
ባልዲ ከጣሪያው ሥር፣ ጠብ ጠብ እያለ።
«አብሽሪ» አለችና ወንበር ሳበችልኝ፣
አልቅሼ እስክጨርስ ምንም ሳትጠይቀኝ።

እኔ ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር ነገር፦
ያመሸበት ሌሊት፣ የከረመበት አገር፣
እናቱ ያሉኝን፣ እኔ ያልመለስኩትን፣
ዓመት ሙሉ ጥርሴ ሥር ያኖርኩትን።
እሷ ግን እርሳሷን ቀርጻ፦
«ኒካሁ መቼ ታሰረ? ቦታው የማን ነበር?
ግድግዳው በማን እጅ? ቆርቆሮው በማን ብር?»

«ቦታው ካባቱ ነው።» «ውርስ ከሆነ፣ የግሉ።»
«ቆርቆሮው ግን የኔ፣ በስፌቴ ነው ሙሉ።»
«በትዳር ከመጣ የሁለታችሁ ነው፤
ያንቺ ላብ የሱ ላብ፣ ሕጉ አይለየው።»
«እኩል? እኔ ስሰፋ፣ እሱ ተኝቶ አድሮ?»
«እኩል። እሱም ይሄንኑ ይላል፣ የራሱን ሌሊት ቆጥሮ።»

«አባጋሮቹ እኮ ‹ተለያዩ› ብለዋል።»
«እጃቸው ይባረክ፤ ሽማግሌ ያስታርቃል።
ፍቺን የሚያጸናው ግን ያ ከፊትሽ ያለው ቤት ነው።
ሸሪዓ ፍርድ ቤትም መሄድ ትችያለሽ፣
እሱም እሺ ካለ፤
ብቻሽን አትመርጪለት፣ ብቻውን አይመርጥልሽ።»

ስለ ኢክራም ስትጠይቅ ድምጿ ዝቅ አለ፦
«ማን ያጥባታል? ማን ትምህርት ቤት ያደርሳታል?
ስትፈራ የማንን ስም ትጠራለች?»
መዋሸት እችል ነበር። «የአባቷን» አልኩኝ።
መብረቅ ሲጮህ እሱን ነው።
ጻፈችው።
እኔን ሳታይ፣ እንደሌላው ሁሉ ጻፈችው።

«ዋጋዬ ይኸውልሽ፣ ሦስት ጊዜ ይከፈላል፤
ውል እንፈርማለን፣ አንዱ ካንቺ ይቀራል።
ትረቻለሽ አልልም፣ ፈራጁ ዳኛ ነው፤
ያልሆነ ካስጻፍሽኝ መለያያችን ነው።»
በፍቺ ቢሮ ውስጥ ይህን ቃል ስትለው
ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ።

ከዚያ፦ «መኪናውስ?» አለች። የስፌቱን ማለቷ ነው።
«የኔ ነው፣ ከኒካሁ በፊት የገዛሁት።»
«ማስረጃ?»
ጠርዙን አይጥ የበላው ደረሰኝ አወጣሁ፤
ግንቦት አሥራ ሁለት ይላል። ኒካሁ ኅዳር ነው።
«ስድስት ወር ቀድመሻል፣ የግልሽ ነው» አለች፣
ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤
አንዴ አነበበችው፣
አንዴ መስኮት አየች፣
ከዚያ መለሰችልኝ። «ኮፒ አድርገሽ ነይ።»

ከአጥሩ ማዶ፣ መብራት እስኪመጣ ጠበቅን፣
እኔና አንድ ልጅ፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ።
«እትዬ፣ ጀርባውም ይነሳ? ጽሑፍ አለው።»

አውቃለሁ።
የይመር እጅ ነው። ያኔ እጮኛዬ ነበር፤
ከሸዋ በር እስከ ሆጤ፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ በዝናብ፣
መኪናውን በጫንቃው ከማምጣቱ በፊት
እንዳይረሳ የጻፈው፦

ዘይት።
መርፌ፣ ቁጥር አሥራ አራት።
ጥቁር ክር።
ለሷ ዣንጥላ።

«የፊቱን ብቻ» አልኩት።